እድር የወረሰው ሳህን

ሁለት የናስ ሳህን አጋጭቶ አንዴ «ጯ!» ማሰኘት ወንጀል ነው የሚል አንቀጽ ያነበበ ሰው ካለ ያሳየኝ። እኔ አላየሁም። ሕግ ያውቃሉ የሚባሉትንም ጠይቄአለሁ። አንዳንዶቹ ሳቁብኝ። አንደኛው ግን ኮስተር ብሎ «የትና መቼ ነው የተጋጨው?» አለኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስነግረው እሱም ሳቀ። ሳቅ ፍርድ ከሆነ እንግዲህ ተፈርዶብኛል። ሳልሰማ መፈረዱ ግን ስለሚያንገበግበኝ ጉዳዩን እንዳለ ለእናንተ አቀርባለሁ። እባካችሁ እስኪያልቅ ድረስ ጥርሳችሁን ያዙልኝ።

ነገሩ የሆነው መቱ ነው። በዚያን ዘመን የኢሉባቦር ገዢ የሚቀመጡት ጎሬ ነበር። ጎሬ ከኛ ከፍ ብላ ተራራ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሰዎቿም ወደ መቱ የሚመጡ አይመስላቸውም፣ የሚወርዱ ነው የሚመስላቸው። ገዢው በወረዱ ቁጥር እኛ የምንቀበላቸው በእልልታና በጭብጨባ ነበር። አንድ ጊዜ ታዲያ ገዢውን አጅበው የወረዱ ባለ ጥቁር መነጽር ሰው ጭብጨባችንን ቆመው ካዳመጡ በኋላ «መቱዎች ዛሬም በእጃችሁ ብቻ ናችሁ?» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ በደንብ የገባው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ግን ተሰደበ። ነጋዴዎቹ ተሰብስበው አዋጡና የማርሽ ሙዚቃ መሣሪያ ከአዲስ አበባ አስመጡ።

መሣሪያውን የጫነው መኪና ከበደሌ ወዲህ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ከረመ። ሲደርስ ጡሩምባዎቹ ጭቃ ጎርሰው፣ ትልቁ ከበሮ በአንድ ወገን ተሸንቁሮ ነበር። ምንም ያልሆኑት ከነቆዳ ማንገቻቸው የተቀመጡት ሁለቱ የናስ ሳህኖች ብቻ ናቸው። ሃምሳ አለቃ ዋቅጅራ አንሥተው በኮታቸው እጅጌ ወለወሏቸውና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሃምሳ አለቃ አዲስ አበባ በወታደር ሙዚቀኛነት አርጅተው ጡረታ ሲወጡ ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው፤ የናስ አዝራር ያለውን ካፖርታቸውን በጋም ሆነ ክረምት አያወልቁም። የማርሹ አለቃ እንዲሆኑ የመረጣቸው የለም። ካፖርቱን ለብሰው መሣሪያው አጠገብ ቆሙ፣ በዚያው ሆኑ።

«ይህ ሲምባል ይባላል» አሉ ሳህኖቹን ከፍ አድርገው። ከተማው ግን ሳህን አለው፣ ሳህን ሆኖም ቀረ።

እኔ ያኔ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የእጅ ጽሕፈቴ የተመሰገነ፣ ሱሪዬ የተተኮሰ፣ በአጠቃላይ ሴት ልጅ ያላቸው ሰዎች ሳልፍ ዞር ብለው የሚያዩኝ ዓይነት ሰው። (ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ምን እንደተወሰደብኝ እንድታውቁልኝ ነው።) ሃምሳ አለቃ «ጉርባ!» ብለው ጠሩኝ፤ ልጅ ሲሉኝ ነው። «ቁመትህ ለሰልፍ ይሆናል፤ ና ጡሩምባ ንፋ» አሉኝ። እሺ ብዬ እቤት ብነግር እናቴ ጉድ አፈላች።

«ልጄ አዝማሪ ሆነ ከምባል ሶር ይውሰደኝ!» አለች። የሶር ወንዝ ከቤታችን ሩቅ ስላልሆነ ነገሩ አስፈራኝ። ሃምሳ አለቃ ራሳቸው ሊያስረዷት መጡ።

«እትዬ፣ ጡሩምባ ካልወደዱ ሲምባል እሰጠዋለሁ። ሲምባል እኮ አይነፋም፣ አይገረፍም፣ አይዘፈንበትም። ይጋጫል እንጂ።»

«ምን ከምን ጋር ነው የሚጋጨው?»

«ሳህን ከሳህን ጋር።»

«ይኼንንማ እኔም ጓዳ ውስጥ ሳጋጭ ነው የምውለው። ማን አመስግኖኝ ያውቃል?» አለች እናቴ። ቢሆንም አልረካችም፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ መሪጌታውን ጠየቀች። መሪጌታው ጥቂት አሰቡና በብሉይ ዘመን ካህናቱ ቤተ መቅደስ ውስጥ ናስ ከናስ ያጋጩ እንደነበር፣ በማኅሌት የምናንሿሿው ጸናጽልም የዚያው ዘመድ መሆኑን ነገሯት። እናቴም ልጇ አዝማሪ ሳይሆን ካህን ሊሆን የደረሰ መስሏት ፈቀደች።

እኔም ብሆን ወድጄው ነበር። ሃምሳ አለቃ ከልምምድ በፊት ሁልጊዜ ስለ ሲምባል ያወሩኝ ነበር፤ ግማሹን አይተው፣ ግማሹን ከአርመን መምህራቸው ሰምተው፣ ግማሹን ደግሞ እንዲያው ስለወደዱት ይመስለኛል። ግማሹ ሦስት ጊዜ መምጣቱን አውቃለሁ፤ ወሬያቸውም እንደዚያ ነበር። የድሮ ቱርኮች ከተማ ሲከቡ ከጥይት በፊት የሚልኩት ይህንን ድምፅ ነው ይላሉ፤ የጠላት ፈረስ ጌታውን ጥሎ ይሸሻል። ናሱን ከምን ከምን እንደሚቀምሙት አባት ለልጁ ብቻ በጆሮው የሚነግር ቤተሰብ አለ ይላሉ። ከሁሉ የማረከኝ ግን የፈረንጅ አገሩ ነው። እዚያ አንድ ሰው ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ሌላው ሁሉ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ሲነፋና ሲመታ እሱ ሳህኖቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። ሰዓቱ ሲደርስ ይነሣል፣ አንዴ ያጋጫል፣ ይቀመጣል፣ ተጨብጭቦለት እቤቱ ይሄዳል። ይህን ስሰማ የተፈጠርኩበት ሥራ እንደተገኘ ገባኝ።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። እንደ ድስት ክዳን ግጥም አድርገህ ከገጠምካቸው አየሩ ታፍኖ ይጣበቃሉ፣ «ጱፍ» ብቻ ይላሉ። አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች አንሸራትቶ፣ አፋቸውን ማሳሳም ነው። ሃምሳ አለቃ ያዘጋጁት ማርሽ መካከል ላይ ሁሉም መሣሪያ ጸጥ የሚልበት አንድ ባዶ ቦታ ነበረው። እዚያች ባዶ ቦታ ውስጥ እኔ ብቻዬን «ጯ!» አደርጋለሁ፤ የሌሎቹ እስትንፋስ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ማርሹ የሚቀርበው ገዢው ወርደው አዲሱን የቦኖ ውሃ ሲመርቁ ነው።

ለኔ ደግሞ ያ ቀን ከቦኖ በላይ ነበር። ጨውና ላምባ የሚሸጡት የጋሼ ደምሴ ልጅ ጥሩወርቅን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ጋሼ ደምሴ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ፊታቸው ዘወትር ከቀብር የተመለሰ ሰው ፊት ነው። ለሽማግሌዎቹ «እናያለን፤ የቦኖው ምረቃ ይለፍና» አሏቸው። በኛ አገር እናያለን ማለት እምቢ ማለት አይደለም፤ እምቢ ለማለት ምክንያት እየተፈለገ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ምክንያት እንዳይገኝብኝ ስጠነቀቅ ከረምኩ። ጠጅ ቤት በር ላይ እንኳ ፈጠን ብዬ ነበር የማልፈው።

እዚህ ላይ ነው እድሩ የገባው። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ጋሼ ፈይሳ ነበሩ። ሰው ሲሞት ከገበያው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥተው ይነፋሉ፣ ከዚያ ስሙን ይጣራሉ፤ እድርተኛው ሁሉ ይወጣል። በዚያ ክረምት መግቢያ ጋሼ ፈይሳ የፊት ጥርሳቸውን ጨረሱ። ጥርስ የሌለው ሰው የነፋው ጡሩምባ ምን እንደሚል ሰምታችሁ ከሆነ አላውቅም፤ ሰው ከቤቱ ብቅ እያለ «የማን ጥጃ ነው የጠፋው?» ይል ጀመር። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ በዚህ የተነሣ ሰው ሳይደርስላቸው በጥቂት ዘመድ ተቀበሩ፤ ከተማው በኀፍረት ተቃጠለ። እድሩ ተሰበሰበ። ጋሼ ደምሴም ተነሥተው «ያ ሳህን ለምን አይሰጠንም?» አሉ።

ሃምሳ አለቃ አበዱ። «ሲምባል የሙዚቃ ነው!» ብለው አዝራራቸው እስኪነቀል ጮኹ። ግን ለመሣሪያው ያዋጡት ነጋዴዎች ማን ናቸው? እድርተኞቹ። ማርሹን ሊሰሙ የሚመጡት ማን ናቸው? እድርተኞቹ። «ለአንድ ቀብር ብቻ» ተባለና ሳህኔ ሄደ። እኔ ዝም አልኩ፤ ለምን ዝም እንዳልኩ ታውቃላችሁ፣ ጠያቂው የጥሩወርቅ አባት ናቸው።

ጋሼ ፈይሳ ጉብታው ላይ ወጥተው አንዴ ቢያጋጩት ድምፁ ጉሙን ሰንጥቆ ከሶር ማዶ ድረስ ሄደ። ጡሩምባ ዝናብ ያፍነዋል፤ ናስ ግን ዝናቡን ራሱን ያስደነግጠዋል። ሰው ከየአቅጣጫው ግር ብሎ ወጣ። ጋሼ ፈይሳ ድድ ብቻ የሆነ አፋቸውን ከፍተው «ኩን ጋሪዳ! ይኼ ነው ጥሩ!» እያሉ ሳህኑን ሲስሙት በዓይኔ አይቻለሁ። በቀብር ቀን እንዲህ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀብር የተባለው ክረምቱን ሙሉ ሆነ። ዝናቡ በረታ፣ ሳሉ በረታ፣ አረጋውያኑ ተራ በተራ ሄዱ፤ እያንዳንዳቸውም በኔ ሳህን ተጠሩ። ለልምምድ የሚያውሱኝ ማንም ባልሞተበት ቀን ነበር፤ ያም ቢሆን ልምምድ አልነበረም። በሃምሳ አለቃ ግቢ ውስጥ ቆሜ አንዴ «ጯ!» ሳደርግ አጥሩ በሰው ይሞላል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ይዘው «ማን ነው? ማን ነው?» ይላሉ። አንዲት ጎረቤታችን እንዲያውም «ስሙን በኋላ ትነግሩኛላችሁ፣ እኔ ልጀምር» ብላ ደረቷን መምታት ጀመረች። ቡና ጭኖ ከኢሉባቦሯ ቡሬ የመጣ መንገደኛ አህያውን መንገድ ላይ አቁሞ ገባ፤ የማያውቀውን ሰው ለመቅበር ወገቡን አሰረ።

«ማንም አልሞተም፣ ሙዚቃ ነው» ስላቸው ደስ የሚላቸው እንዳይመስላችሁ። ይቆጣሉ! ድስት ጥዳ የመጣችው «ሽንኩርቴ አርሮ ነው እኮ የመጣሁት!» ትላለች፣ ሰው ቢሞትላት ኖሮ ሽንኩርቱ በከንቱ ያላረረ ይመስል። የቡሬው ሰው እንኳ ወገቡን እየፈታ ገላመጠኝ። እኔ ምን ላድርግ፣ ልሙትላቸው? አንድ ገበሬ ብቻ በቆሎዬን የሚፈጁ ዝንጀሮዎች ላባርርበት አውሱኝ ብሎ መጣ። በዚያ ክረምት ሳህኑን በሕይወት ላለ ፍጡር የፈለገው እሱ ብቻ ነው።

የምረቃው ሳምንት ጋሼ ደምሴ ሱቃቸው አስጠሩኝ። ጥሩወርቅ ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ዓይኗን ከጨዉ አላነሣችም። ጨው ልገዛ በሄድኩ ቁጥር እንዲሁ ናት፤ አንድ ቀን ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም ብዬ ነበር የማምነው።

«ስማ አንተ ልጅ» አሉኝ። «በምረቃው ዕለት ያን ነገር እንዳታጮኸው።»

«ጋሼ፣ ማርሹ ውስጥ ቦታ አለው።»

«ቦታው ጉብታው ላይ ነው! በደስታ ቀን፣ ገዢው ፊት፣ የሞት ድምፅ? ሴቱ ሁሉ ሲንጫጫ እኔ የእድሩ ዳኛ ምን ልላቸው ነው፣ እንኳን ደህና መጡ ልበል? ካጮኸኸው እርሳት።»

«ምኗን?» አልኩ።

«ልጅቷን።»

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ሃምሳ አለቃ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ደግሞ ካፖርታቸውን ግጥም አድርገው ቆልፈው ጠበቁኝ። «ጉርባ፣ ጡሩምባ ነፊዎቹ የሚገቡት ሲምባሉን ሰምተው ነው። ካላጮኸኸው ማርሹ እንደ ተሰበረ ድልድይ መሃል ላይ ይቆማል። ያን ዕለት እኔ ከአገር እጠፋለሁ፣ አንተን ግን ከመጥፋቴ በፊት ለከበሮው ሽንቁር እለጥፍሃለሁ» አሉኝ። ሳህኑን ጨርቅ እንጠቅልለው ብዬ ለመንኳቸው፤ ሞከርነው፣ የጥፊ ድምፅ ሰጠ። በድስት ክዳን እንተካው አልኩ፤ እናቴ ሰማችና ክዳኗን ቆልፋ ሄደች።

እንግዲህ እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ሁለት አለቃ በአንድ ጊዜ ማስደሰት የለመድኩት ሥራ ነው። አስቤ አስቤ መላ አገኘሁ። ባዶዋ ቦታ ስትደርስ ሳህኖቹን ከፍ አደርጋለሁ፣ በኃይል አወናጭፋለሁ፣ ሳላገናኛቸው በአጠገብ አሳልፋቸዋለሁ። ለገዢው ዓይን ሞልቶ ይታያል፣ ለእድሩ ጆሮ ምንም የለም። ጥሩወርቅም የኔ ናት። ይህን ያሰበ ጭንቅላት ያን ጊዜ በጣም ይደንቀኝ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ቦኖው መስቀለኛው መንገድ ላይ በኮባ ቅጠልና በባንዲራ አጊጦ ቆሟል፤ ከኋላው የፍሳሽ ቦይ ተብሎ የተቆፈረ፣ ሌሊት የጣለው ዝናብ የሞላው ጉድጓድ አለ። ሴቶቹ ከኋላ፣ ሹማምንቱና የእድር ዳኞቹ ከፊት፣ ጋሼ ደምሴ ካባ ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ከኔ በክንድ ርቀት። ሆነ ብለው እንደቆሙ አልተጠራጠርኩም። ገዢው ከጎሬ በላንድሮቨር ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ወደ ቧንቧው ዘረጉ። ማርሹ ጀመረ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር፤ የጭቃ ጉርሻ የቀመሱት ጡሩምባዎች እንኳ እንደ ሰው ይናገሩ ነበር።

ባዶዋ ቦታ ደረሰች። ሁሉም ጸጥ አለ። ሳህኖቼን ሰቀልኩ፣ አወናጨፍኩ፣ አሳለፍኩ። ምንም ድምፅ የለም። ባሰብኩት መንገድ በትክክል ሠራሁት።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር፤ ማንም አልቀጠለም። ጡሩምባ ነፊዎቹ ጉንጫቸውን ነፍተው ሲምባል ይጠብቃሉ። ከበሮ መቺው ዱላውን ሰቅሎ ይጠብቃል። ሃምሳ አለቃ እጃቸው በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ዓይናቸው ብቻ ወደኔ ዞረ፤ የዓይናቸውን ቋንቋ እዚህ አልጽፈውም። ገዢው ቧንቧው ላይ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆመው ይጠብቃሉ። ከቅጠሉ ላይ የዝናብ ጠብታ ሲወድቅ ይሰማል። አንድ አህያ ሳል ይሁን ማስነጠስ ያልለየለት ድምፅ አሰማች። ጸጥታው ረዘመ፣ ደግሞ ረዘመ። በዓይኔ ጥግ ጋሼ ደምሴን አያለሁ፤ ያ ድምፅ አሁን መጣ፣ አሁን መጣ እያሉ ትከሻቸውን ሰብስበው ሲጠብቁ ግንባራቸው በላብ ታጠበ። በመጨረሻ አልቻሉም።

«ኧረ በመድኃኔዓለም ይዤሃለሁ፣ አጩኸውና ይውጣልን!» ብለው ጮኹ።

ልብ በሉ። ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው። በመድኃኔዓለም ይዘውኝ ነው። ምስክር ሞልቷል። እኔም ክረምቱን ሙሉ የታፈነብኝን ንዴት ሁሉ ሰብስቤ አንዱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች አሳሳምኩት። ጯ!

እንደዚያ ያለ «ጯ» ቱርኮቹም አልሰሙ። ማርሹ ግን አልቀጠለም፤ የሚነፉትም እድርተኞች ናቸው፣ ጡሩምባቸውን ከአፋቸው አውርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወንዱ ሁሉ ራሱን ገለጠ። ነጠላው ሁሉ ተዘቀዘቀ። ከኋላ ሴቶቹ «ማን ነው? ማን ነው?» እያሉ ተነሡ። ገዢው ጨዋ ሰው ናቸው፤ ግራና ቀኝ አይተው የተከበረ ሰው ያረፈ መስሏቸው እሳቸውም ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጋሼ ፈይሳ ያለሳቸው በመለፈፉ ቅር እያላቸው በሰው መካከል እየተጋፉ «ኤኙቱ ዱኤ? ማን ነው የሞተው? ስም ስጡኝ እንጂ፣ እኔ ነኝ የምጣራው!» ይላሉ።

ጋሼ ደምሴ ያዘዙትን ረስተው «አላልኩህም!» ብለው ዱላቸውን ሰነዘሩ። ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ከኋላዬ ምን እንዳለ ነግሬአችኋለሁ። በጀርባዬ ቦዩ ውስጥ ወደቅኩ፤ ትንፋሼ ተቋረጠ፣ ቀዩ ጭቃ አፌንና አፍንጫዬን ሞላው። ጎረምሶች ዘለው ገብተው በእጅና በእግሬ ይዘው አወጡኝና ሳር ላይ አጋደሙኝ፤ አንደኛው፣ እግዜር ይይለትና፣ ሳህኖቹን ሰብስቦ ደረቴ ላይ አስቀመጠ። አሁን እስቲ ከኋላ የቆመ ሰው ምን እንዳየ አስቡት። የሞት ድምፅ ሰማ፣ ገዢው ራሳቸውን ሲገልጡ አየ፣ ከዚያ አንድ ሰው በአራት ሰው ሸክም ከጉድጓድ ወጣ።

ትንፋሼ ሲመለስ ዓይኔን ልገልጥ፣ ደህና ነኝ ልል ነበር። ያን ጊዜ አንድ ድምፅ ከሁሉ በላይ ወጣ።

«ወይኔ ጨው ገዢዬ!»

ጥሩወርቅ ናት። ሻሿን ጥላ፣ ፀጉሯን በትና፣ ሕዝቡን እየቀደደች መጣች።

«ጨው ሳያልቅብህ ጨው የምትገዛው! የእናትህ ጓዳ በጨው መሙላቱን መች አጣሁት! አውቄ ነው ቀና የማልለው፣ ቀና ካልኩ ስቄ እንዳልጋለጥ ነው! ምነው ዛሬ ብትመጣ፣ አንድ ኪሎ ብትለኝ ሁለት እመዝንልህ ነበር! ወይኔ ባሌ! ሳያገባኝ የሞተ ባሌ! አባዬ ነው የገደለህ፣ እናያለን እያለ! ይኸው እይ አባዬ፣ አየህ?»

በእኔ ቦታ ሆኖ በዚያች ደቂቃ ዓይኑን የሚገልጥ ወንድ ካለ ይምጣና ይውቀሰኝ። እኔ ጭራሽ ትንፋሼን ያዝኩ። ያን ሁሉ ገበያ ዕለት ከጨው ከረጢት ጋር ተፎካክሬ የተሸነፍኩ ሲመስለኝ፣ ለካ ስታየኝ ነው የከረመችው። ጭቃው ቀዝቅዞኛል፣ ወገቤ ተሰብሯል፣ ግን ደስታ ሊያፈነዳኝ ደርሷል።

እናቴ ደርሳ በላዬ ተደፋች። ልትጮኽ አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊቴን አየችና ዘጋችው። እናት አትሸወድም። ክንዴን እየቆነጠጠች በጆሮዬ «ተነሥ፣ አታዋርደኝ!» አለች። ወዲያው የጥሩወርቅ ለቅሶ ገባት መሰለኝ፣ ጥቂት አዳምጣ «ቆይ፣ ትንሽ ተኛ» አለችና ደረቷን መምታት ጀመረች።

ብዙ ግን አልተኛሁም። ገዢው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቀረቡ፣ እናቴን ሊያጽናኑ ጎንበስ ሲሉ ያ አፍንጫዬ ውስጥ የገባው ጭቃ ክፉኛ ኮረኮረኝ። ያዝኩት፣ ያዝኩት፣ አልቻልኩም። የማስነጠሴን ግማሽ ገዢው በነጭ ሸሚዛቸው ተቀበሉት።

ጩኸቱን ተዉት። የሮጠም ነበር። ጋሼ ፈይሳ ሊጣሩት የነበረውን ስሜን አፋቸው ውስጥ ይዘው ቀሩ። ጥሩወርቅ ቆማ አየችኝ፣ ከዚያ ሻሿን ፍለጋ መሬት መሬት ማየት ጀመረች፤ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ገዢው ሸሚዛቸውን ጠርገው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ወደ ጋሼ ደምሴ ዞሩ።

«የልጅቱ አባት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አሉ ጋሼ ደምሴ፤ ዱላቸውን ከኋላቸው ደብቀዋል።

«ታዲያ ይህን ሰው የምትቀብሩት ነው የምትድሩት? ወስኑና እኔም ልሂድ።»

ምን ይበሉ? ጎሬም መቱም በተሰበሰበበት ፀጉሯን በትና ባሌ ብላ ያለቀሰችለትን ሰው ከልክለው ለማን ሊሰጧት ነው? ከዚያ በኋላስ የማን ሽማግሌ ደጃቸውን ይረግጣል? ሽማግሌዎቼ በሳምንቱ ሲሄዱ ጋሼ ደምሴ እንዲቀመጡ እንኳ ሳይጋብዙ «ይውሰዳት» አሉ፤ «ጨው ግን ሁለተኛ ከኔ ቤት እንዳይገዛ።»

አገባኋት። ታዲያ ምን ትናደዳለህ ትሉኛላችሁ። እንዴት አልናደድ! ሃምሳ አለቃ ከማርሹ አባረሩኝ፤ የኔን ቦታ ለማንም አልሰጡም፣ ማርሹን ባዶዋን ቦታ ቆርጠው አሳጠሩት። ገዢው በግርግሩ ቦኖውን ሳይከፍቱ በመሄዳቸው ውሃው ሳይመረቅ ተጀመረ፣ ይኼም በኔ ተላከከ። እድሩ ተሰብስቦ «ሰው ሳይሞት የለፈፈ» ብሎ እስከ ፋሲካ ድረስ የለቅሶ ቤት አግዳሚ ወንበር እንድሸከም ፈረደብኝ፤ የፈረዱት ዳኛ «በመድኃኔዓለም አጩኸው» ያሉኝ ሰው ናቸው፣ ሲፈርዱም ዓይኔን አላዩም። ሳህኑንም እድሩ እስከ ወዲያኛው ወረሰው። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ሰው እንኳ «ልጁ ግን አጋጨው እኮ፣ አሳመረው» አላለኝም።

ከሁሉ የከፋው በደል ግን ከቤቴ ነው የመጣው። ባለፈው ክረምት ወባ ጣለችኝ። ብርድ ልብስ ደራርቤ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ትንሽ እንድታባብለኝ ብዬ፣ «ጥሩዬ፣ ብሞት እንዴት ታለቅሺልኝ ይሆን?» አልኳት። ነጭ ሽንኩርት ትልጥ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«እኔ አንተን አልቅሼ ጨርሻለሁ» አለች። «ያውም ገዢው ባርኔጣቸውን አውልቀው።»

«ያኔማ አልሞትኩም!»

«እሱ ያንተ ጉዳይ ነው። እኔ የድርሻዬን ተወጥቻለሁ። እንግዲህ ስትሞት ጎረቤት ያልቅስልህ።»

እንግዲህ ፍረዱ። በቁሙ የገዛ ለቅሶውን የተበላ ሰው ከኔ ሌላ አለ? ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ቆይቶ ቢላዋው ሲቀመጥ ሰማሁ። መጣች፤ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ትኩሳቴን ለካች፣ እጇንም ቶሎ አላነሣችም።

«አልቅሼ ጨርሻለሁ ብዬሃለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እንባ የለኝም። እንዳትሞክረው።»